እግራችሁ ይባረክ

የሮምን ሪፐብሊክ ማን ገደለው ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ «ጁሊየስ ቄሳር» ይላል። ይሄ የሰው ድካም መብላት ነው። አንድ ጄኔራል፣ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን፣ ያን ሁሉ ሥራ ብቻውን አይወጣውም። ሲያጸድቁለት፣ ሲያወድሱት፣ ሲሸልሙት የከረሙ ሴናተሮች ነበሩ። እነሱን የሚያነሳቸው የለም። ዛሬ እኔ ላንሳቸው።

በሮም ሴኔት ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት አልነበረም። ሐሳቡን የወደድክለት ሰው ወዳለበት ጎን ተነስተህ ትሄዳለህ። እዚያ የቆመው ይቆጠራል፣ አለቀ። ስለዚህ ምስጋናዬ ለእግራቸው ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሮማውያን የመጨረሻ ንጉሣቸውን ያባረሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ «ንጉሥ» ማለት ስድብ ሆነ። በየዓመቱ ሁለት ቆንስል፣ ማለትም የበላይ መሪ፣ ይመርጣሉ፤ አንዱ ሲያብድ ሌላው እንዲይዘው። የባሰ ቀን ከመጣ አምባገነን ይሾማሉ፤ እሱም ከ6 ወር በላይ አይቆይም። (ሱላ የሚባል ጄኔራል አንዴ ይቺን ገደብ ጥሷታል። እሱ እንኳ በመጨረሻ በራሱ ለቀቀ።) እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ ቤት በአንድ ሰው ግፊያ አይወድቅም። የቤተሰቡ ትብብር ያስፈልጋል።

ቄሳር ሲጀምር ጦር አልነበረውም። ዕዳ ግን ነበረው። በ65 (ዓመቶቹ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ወደ ታች ነው የሚቆጠሩት) የከተማዋን ትርኢት የሚያዘጋጅ ሹም ሆኖ 320 ጥንድ ግላዲያተር ለሕዝብ አቀረበ፤ ወጪው በብድር። ከአራት ዓመት በኋላ ስፔንን ሊያስተዳድር ሲነሳ አበዳሪዎቹ ንቅንቅ አትልም አሉት። የከተማዋ ቀንደኛ ሀብታም ክራሰስ ዋስ ሆነው። በኋላ «የማይሸነፍ አምላክ» የተባለው እንግዲህ ይሄ በዋስ ከከተማ የወጣው ሰው ነው።

በ59 ቆንስል ሆነ። ሁለተኛው ቆንስል ቢቡሉስ ነበር። ቢቡሉስ የቄሳርን የመሬት ሕግ ልቃወም ብሎ አደባባይ ወጣ። አንዱ ቅርጫት ሙሉ እበት ይዞ መጣና አናቱ ላይ ገለበጠበት። የአጃቢዎቹም በትር ተሰባበረ። በነጋታው ሴኔቱን ሰብስቦ አቤት አለ። ችኩል ሰው ቢሆን ብድግ ብሎ «ኧረ ይሄ ነውር ነው» ይል ነበር። ሴናተሮቹ ግን ጨዋዎች ናቸው። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጎመን በጤና! ቢቡሉስም ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሥልጣኑ እስኪያልቅ ድረስ «ሰማይ ላይ መጥፎ ምልክት እያየሁ ነው» የሚል መልእክት ከቤቱ ይልክ ነበር። የከተማው ቀልደኞች ያን ዓመት «ጁሊየስና ቄሳር ቆንስል የነበሩበት ዘመን» አሉት።

ከዚያ ቄሳር ወደ ጎል፣ ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ዘመተ። ስምንት ዓመት ከረመ። ሮም ደግሞ በዓል ስታከብር ከረመች። በ57 የ15 ቀን የምስጋና በዓል ታወጀለት፤ ከዚያ በፊት ለማንም ያልተደረገ ነው። በ56 ሉካ በምትባል ከተማ ሲቆይ 200 ያህል ሴናተሮች ደጅ ሊጠኑት ሄዱ። እግር እግር የምለው በምክንያት ነው። በ55 ደግሞ ለድርድር የመጡ የጀርመን ጎሳ መሪዎችን ይዞ፣ ሕዝባቸውን ሴት ሕፃን ሳይል አስጨረሰ። ካቶ የሚባል ሴናተር ተነስቶ «እርግማኑ ለእኛ እንዳይተርፍ ሰውየውን ለጀርመኖቹ አሳልፈን እንስጥ» አለ። ካቶ መቼም ድግስ መሃል ሒሳብ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። በዓሉ ለ20 ቀን በድምቀት ተከበረ።

አንድ ጊዜ ብቻ እግራቸው ስቶባቸዋል። በ50 መጨረሻ ላይ ኩሪዮ የሚባል የሕዝብ ተወካይ «ቄሳርም ፖምፔም ሁለቱም ጦራቸውን ይፍቱ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። (ፖምፔ የቄሳር ተቀናቃኝ የሆነ ሌላ ጄኔራል ነው።) 370 ሰው ወዲህ፣ 22 ሰው ወዲያ። ሪፐብሊኩ ለጥቂት ድኖ ነበር! ደግነቱ ቆንስሉ ስብሰባውን በተነው። 370ውም «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ወደየቤታቸው ገቡ። ሳምንታት ቆይቶ ቄሳር አንድ ሌጌዎን፣ ማለትም አንድ ክፍለ ጦር፣ ይዞ ጦር ይዞ መሻገር የተከለከለውን የሩቢኮንን ወንዝ ተሻገረ። ፖምፔና ብዙ ሴናተሮች ከተማዋን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። ከመቸኮላቸው የተነሳ ግምጃ ቤቱን ከነገንዘቡ ትተውለት ሄዱ። እንግዳ መቀበል ማለት ይሄ ነው።

የማዕረጉ ጎርፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ46 የ40 ቀን ምስጋና፣ የአሥር ዓመት አምባገነንነት። በ45 የ50 ቀን ምስጋና። ያኔ ስፔን ውስጥ ድል የተመቱት የፖምፔ ልጆች ነበሩ፤ ሮማውያን። ለራስ ሰው ሞት 50 ቀን ማመስገን ከየትም የማይገኝ ደግነት ነው። ቀጥሎ የወርቅ ወንበር። ቀጥሎ ሐውልት፣ «ለማይሸነፈው አምላክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት። ሌላ ሐውልት ደግሞ ከጥንት ነገሥታቱ ሐውልቶች ጎን። የተወለደበት ወር በስሙ ተሰየመ፤ ዓለም ዛሬም ጁላይ የሚለው እሱን ነው። ሁልጊዜ የሎሬል አክሊል እንዲደፋም ተፈቀደለት። ከሁሉም የወደደው ይቺን ነበር ይላሉ፤ ራሰ በራ ነበርና። ከዚያ ሁሉ ውሳኔ እውነተኛ ችግር የፈታው ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ሴናተሮቹ አዲስ የማዕረግ ክምር ይዘው፣ ቆንስሎቹን አስቀድመው፣ በሰልፍ መጡ። ቄሳር የቬኑስ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ቆመው ጠበቁ። እሱ አልተነሳም። አምላክ ነህ ብለው የጻፉለት ሰው አልነሳም ቢላቸው ተቀየሙ! በኋላ ወዳጆቹ «ተቅማጥ ይዞት ነው፣ ቢነሳ ይብስበት ነበር» ብለው አስተባበሉ። ችግሩ፣ ትንሽ ቆይቶ በገዛ እግሩ እየተራመደ ቤቱ ገባ።

የ45 የመጨረሻ ቀን ላይ አንዱ ቆንስል ጠዋት ሞተ። ቄሳር ከሰዓት በኋላ ካኒኒየስ የሚባለውን አስመረጠ፤ ዓመቱ እስኪያልቅ፣ ማለትም ለሰዓታት። ሴናተሩ ሲሴሮ ለወዳጁ ሲጽፍ፣ በካኒኒየስ ዘመን ምሳ የበላ ሰው የለም፣ ቆንስሉም በሥልጣን ዘመኑ ሁሉ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ራሱን ሲሴሮን አሳቀቀው እንጂ አላሳቀውም፤ በዚያው ደብዳቤ አንተም ብታይ ታለቅስ ነበር ይላል።

በ44 የዕድሜ ልክ አምባገነን አደረጉት። በፌብሩዋሪ በዓል ላይ የቄሳር ወዳጅ አንቶኒ ዘውድ ሲያቀርብለት ጥቂት ሰው አጨበጨበ። ቄሳር ሲመልሰው ሕዝቡ በጭብጨባ አናጋው። ሕዝብ እንዲህ ነው፣ መቼ ማጨብጨብ እንዳለበት አያውቅም። እንደ ሴናተሮቹ አልሠለጠነም።

ማርች 15 ቀን፣ ሕይወቱን ልንጠብቅ ምለናል ካሉት መካከል የተወሰኑት ጩቤ ይዘው ገቡ። 23 ቦታ ተወጋ። ሬሳውን ያየው ሐኪም ገዳይዋ አንዷ ብቻ ናት አለ። የቀሩት 22 ለተሳትፎ ናቸው። ሌሎቹ ሴናተሮች እንደለመዱት በእግራቸው ታመኑ።

እኔ ግን ባርኔጣዬን የማነሳው ለማርች 17 ስብሰባ ነው። ጥያቄው ከባድ ነበር። ቄሳር አምባገነን ከነበረ ገዳዮቹ ጀግኖች ናቸው፤ ግን ያኔ እሱ የሰጠው ሹመት ሁሉ ይፈርሳል። ብዙዎቹ ደግሞ፣ ከገዳዮቹም ጭምር፣ ወንበር ያገኙት ከእሱ ነው። ምን ቢወስኑ ጥሩ ነው? ገዳዮቹ ምሕረት አገኙ፤ የሟቹም ውሳኔ ሁሉ ጸና። ወንበሩም አልተነካ።

ልምዱም አልጠፋም። የቄሳር የማደጎ ልጅ ኦክታቪያን ተቀናቃኞቹን ሁሉ ሲጨርስ፣ በ27 «አውግስጦስ» አሉት። እሱም ወር ደረሰው፣ ኦገስት። ከእሱ በኋላ የመጣው ጢባርዮስ ነው። ለእሱም አንድ ወር በስሙ ሊሰይሙለት ተነሱ። ጢባርዮስ ግን «አሥራ ሦስት ቄሳር ሲኖራችሁ ምን ልታደርጉ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። መልስ አጡ። መሃላቸው አንድ ሐበሻ ቢኖር ኖሮ «ግድ የለም ጌታዬ፣ ጳጉሜን አለችልን» ብሎ ይገላግላቸው ነበር።