«ቢግ» እና «ላርጅ» ሁሌ አይተካኩም

ሰሞኑን «ትልቅ» ማለት ስለሆኑት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ «ቢግ (big) እና ላርጅ (large) አንድ ናቸው፤ እንደፈለጋችሁ ቀያይሯቸው» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። ለቤት ወይም ለሳጥን ልክ ነው፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ለሰው ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። «ማይ ቢግ ሲስተር» ማለት ታላቅ እህቴ ነው። «ማይ ላርጅ ሲስተር» ካላችሁ ግን የሚሰማችሁ ሰው ስለ ዕድሜዋ ሳይሆን ስለ ሰውነቷ ግዝፈት የምታወሩ ነው የሚመስለው። እሷ ፊት ከሆነማ በጣም ያስቀይማል! «ቢግ ሚስቴክ» (ትልቅ ስህተት) ይባላል፤ «ላርጅ ሚስቴክ» ግን ጆሮ ይጎረብጣል። የልብስ መጠን ላይ ደግሞ የሚጻፈው «ላርጅ» ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀውን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ክፈቱና «ቢግ»ን ፈልጉ። የመጀመሪያውን ፍቺ አይታችሁ አትዝጉት። «በዕድሜ የሚበልጥ» የሚለው ፍቺ ለብቻው ተቀምጧል። «ላርጅ» ሥር ግን አታገኙትም።