ስልኩ ይመስክር ወይስ ሰውየው?

የሚዲያ አጠቃቀምን ሥነ ልቦና ስናጠና፣ ስልክና ድረ ገጽ የሚያስቀሩትን ዲጂታል አሻራ (መቼ ምን እንደተከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ) እንመን ወይስ ባለቤቱን እንጠይቅ? ሁለት ተሟጋቾች፣ አንዱ ለመዝገቡ፣ ሌላው ለሰውየው ቆመው ይከራከራሉ።

ለመዝገቡ፦ ትናንት ስልክዎን ስንቴ ከፈቱ? የሚነግሩኝ ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ሰዎች የተናገሩትን መሣሪያው ከመዘገበው ጋር አስተያይቶ፣ ቁርኝቱን 0.38 ገደማ አግኝቶታል፤ ፍጹም ቢገጥሙ 1 በሆነ ነበር። ታዲያ ለዓመታት «ስልክ ማብዛትና ድብርት ይያያዛሉ» ስንል የለካነው አጠቃቀሙን ነው ወይስ ግምቱን? የከፋው ሰው አጠቃቀሙንም አጋንኖ ሊያይ ይችላል። መዝገቡ ግን አይረሳም፣ አያፍርም።

ለሰውየው፦ አያፍርም፤ አይገባውምም። እስቲ ይህን ያንብቡልኝ፦ ከሌሊቱ 8፡10 ዩቲዩብ ተከፈተ፣ 11፡40 ተዘጋ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው? ልጇን በዘፈን የምታባብል እናት ናት? ወይስ ባለቤቱን 8፡20 ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስልኩ ብቻውን ሲለፈልፍ አደረ? ለመዝገቡ ሦስቱም ሦስት ሰዓት ተኩል ናቸው። ያ 0.38ም ቢሆን ሁለቱ አለመስማማታቸውን እንጂ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ለምን ሁሌ ሰውየው ይከሰሳል?

ለመዝገቡ፦ ይህቺን ተቀብያለሁ። እንግዲያው እናጣምራቸው፤ ዩቲዩብ እንደተዘጋ አንዲት አጭር ጥያቄ ለስልኩ እንላክ፣ «አሁን ምን ይሰማዎታል?» ብለን።

ለሰውየው፦ ከሌሊቱ 11፡40? ቀሰቀሱት እኮ! ደግሞስ መዝገቡን ማን ይሰጥዎታል? እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ተጠቃሚው የራሱን መረጃ ከኩባንያው ጠይቆ እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ እናንተም ያንን ፋይል በልገሳ ትቀበላላችሁ። ፋይሉን አውርዶ ለማያውቀው ተመራማሪ የሚያስረክብ ሰው ግን የሁሉ ወኪል አይደለም። የጓደኛውም መልእክት አብሮ አለ፤ ጓደኛውን ማን አስፈቀደ?

ለመዝገቡ፦ የጓደኛውን መልእክት ገና በለጋሹ ኮምፒውተር ላይ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ሳይደርስ የሚያጣራ ሶፍትዌር አለ። ስለ ውክልናው ግን፣ መጠይቅ የሚሞላውስ የማን ወኪል ነው?

ለሰውየው፦ የማንም። እሱ ግን የነገረዎትን ያውቃል። ፋይሉን የሰጠዎት ሰው ግን፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ምን ፈልጎ እንደነበር ረስቶታል፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ።