አይዲ ፎር ወይስ ዩዋን ፕላስ? መጀመሪያ ምጣዱን ጠይቁ

የአክስቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ነው። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ሌላ ወሬ የለውም። ጠዋት ቴሌግራም ስከፍት የሚጠብቀኝ ፎቶ ወይ የቮልስዋገን አይዲ ፎር ነው፣ ወይ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ። ሁለቱም የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ከሥሩ ሁሌም ያችው ጥያቄ አለች፤ «የቷን ልውሰድ?»

ድሮ ቢሆን ጥያቄው «ራቭ ፎር ወይስ ቪታራ» ነበር፤ መልሱንም የሰፈር መካኒክ ያውቀዋል። አሁን መካኒኩም እንደኛው ግራ ገብቶታል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ዋጋው ሁሉ ወደ ላይ ተተኮሰ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለች የቤተሰብ መኪና በአዲስነቷ ልግዛ የሚል ሰው ፊት የሚቀርበው በሶኬት የሚሞላው ነው።

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። ውሎው አዲስ አበባ ለሆነ ሰው ዩዋን ፕላስ ትበቃዋለች። አይዲ ፎር መጥፎ መኪና ሆና አይደለም። እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ትበልጣለች።

በስሟ ልጀምር። «ቮልስ» እዚህ አገር የመኪና ስም ብቻ አይደለም፣ ዘመድ ነው። ስንቱ አባት መንዳት የተማረው በእሷ ነው። የሚገርመው ደግሞ ዝምድናው በስም አያበቃም። የድሮዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነበር፤ የምትገፋውም በኋላ ጎማዋ ነበር። ባለ አንድ ሞተሯ አይዲ ፎርም እንደዚያው ናት። የፊት ጎማዎቿ ከሞተር ጣጣ ነፃ ስለሆኑ በደንብ ይታጠፋሉ። ዞራ ለመመለስ 10.2 ሜትር ይበቃታል። በርዝመት ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ የምታጥረው ዩዋን ፕላስ ግን 10.7 ሜትር ትፈልጋለች። ጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ ከሚኒባስ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ ሰው ይህቺ ግማሽ ሜትር ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል።

ጉልበት ላይ ብዙ አልቆይም። ትልቁ ባትሪ ያላት አይዲ ፎርም ዩዋን ፕላስም 150 ኪሎዋት ናቸው። የአዲስ አበባ ከፍታ የቤንዚን ሞተርን ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ እነዚህ ግን ከፍታ የሚባል ነገር አያውቁም። እንጦጦን እየተንጎራደዱ ይወጡታል። ሲወርዱ ደግሞ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይመልሳሉ። በነገራችን ላይ የአይዲ ፎር የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው። ሰው ሲሰማ «በዚህ ዘመን?» ይላል። አትደንግጡ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ታምቡር ደግሞ ሽፍን ስለሆነ ዝገትን ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ባትሪው ነው። የአክስቴ ልጅ ሁልጊዜ የሚልክልኝ በአንድ ሙሌት ትሄዳለች የሚባለውን የኪሎ ሜትር ቁጥር ነው። አይዲ ፎር 550፣ ዩዋን ፕላስ 510። ቁጥሮቹ የቻይና መለኪያ ናቸው፤ የቻይና መለኪያ ደግሞ እጁ ሰፊ ነው። ያችው ባትሪዋ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ዩዋን ፕላስ «አቶ 3» (Atto 3) በሚል ስም አውሮፓ ስትሄድ 510 መሆኑ ቀርቶ 420 ተባለች። ባትሪው አልተቀየረም፣ ሚዛኑ እንጂ።

የባትሪው ዓይነትም ይለያያል። የቢዋይዲው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። እስከ 100 በመቶ ቢሞሉት አይከፋውም። የአይዲ ፎሩ ኒኬልና ኮባልት ያለበት ነው፤ ለየዕለቱ እስከ 80 በመቶ ብቻ መሙላት ይመከራል። እንግዲህ አስሉት። የትልቋ አይዲ ፎር ባትሪ ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ሰማንያ በመቶው 65 ገደማ ይመጣል። በ60.48 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስወጣ ነው? ከ300 ኪሎ በላይ የሚሆነውን የክብደት ልዩነት በየቀኑ ይዞ መዞርስ?

አሁን ወደ ምጣዱ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አያት አካባቢ ከእናቱ ጋር፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ነው። ቤት ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድም እንደዚያው ነው። ስለዚህ መኪና መሰካት ማለት ሁለተኛ ምጣድ መጣድ ማለት ነው፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ዩዋን ፕላስን ከባዶ ለመሙላት 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አይዲ ፎርን ከ23 ሰዓት በላይ። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 7 ኪሎዋት ይሻላል፤ ግን ሽቦው ይችለዋል ወይ? ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ቆጣሪውንና መስመሩን ማሳየት የመኪናው ቀብድ ሳይከፈል ነው።

ደግሞ ማን ከባዶ ይሞላል? ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለዚያ 7 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ሁለት ሰዓት መሰካት፣ አለቀ።

«ሐዋሳ ስሄድስ?» ይለኛል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም በአንድ ሙሌት ይደርሳሉ፤ ሁለቱም ሳይሞሉ አይመለሱም። የመልሱ ጉዞ ደግሞ ዳገት ነው። ሁለት ቶን መኪና 600 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ልዩነቱ የሚታየው ጅማ ላይ ነው። 350 ኪሎ ሜትሩን አይዲ ፎር ረጋ ብላ ትጨርሰዋለች፤ የዩዋን ፕላሱ ሾፌር ግን ዓይኑን ከባትሪው ቁጥር ላይ አያነሳም። በየወሩ ጅማ ወይም ደሴ የምትመላለሱ ከሆነ ጽሑፌን እዚህ ጋ ተዉትና አይዲ ፎሯን ግዙ።

ስትገዙ ግን «አይዲ ፎር» የሚባል አንድ መኪና እንደሌለ እወቁ። ቻይና ውስጥ ሁለት ፋብሪካ ይሠራታል። የፋው ቮልስዋገኗ ክሮዝ ትባላለች፣ የሳይክ ቮልስዋገኗ ደግሞ ኤክስ። የፊት ፓራውልታቸው እንኳ አይመሳሰልም። አንድ ወዳጄ ይህን ሳያውቅ ፓራውልት አስመጣ። ሁለት ወር ጠብቆ የመጣለት የእህቷ ነበር። ባትሪም እንደዚያው፤ ትንሽም ትልቅም አለ፣ የትንሹ ቁጥር በቻይና መለኪያ እንኳ 400 ገደማ ነው። ደላላው «አይዲ ፎር ናት፣ አንድ ነው» ካላችሁ ወረቀቱን አስወጡት። ዩዋን ፕላስም ባለ 49.92 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ባትሪ አላት፤ የሷንም ጠይቁ። የተነዳች ከሆነች ባትሪዋን በኮምፒውተር አስመርምሩ። እስኮርታ ጎማም ፈልጉ፣ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የላቸውም።

የውስጡ ነገር እንደ ሰዉ ነው። አይዲ ፎር ዝምተኛ ሳሎን ትመስላለች። ዩዋን ፕላስ ስክሪኗ ይዞራል፣ የበሯ ኪስ ላይ ደግሞ ሦስት ቀይ ክሮች ተወጥረዋል። ሲነኩ ድምፅ ያወጣሉ። ልጆች ከኋላ ካሉ እስከ ቤት ድረስ ክራር ነው። እኔ አልወደድኩትም። መብራት ሲጠፋ ግን ከመኪናዋ በገመድ ኤሌክትሪክ ማውጣት መቻሉን ወድጄዋለሁ።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ምሳ ጋብዞኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ማስታወሻ እየያዘ ሰማኝ። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። አይዲ ፎሯን ገዝቷል። ነጭ፣ ክሮዝ፣ ትልቁ ባትሪ።

«ምጣዱስ?» አልኩት።

«እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ልትጋግር ተስማምታለች» አለኝ።