ኧረ በሕግ አምላክ፣ «ፒንግ ያልፋል» መልስ አይደለም!

ወገን፣ ዛሬስ ዝም ማለት አልተቻለም። ባክአፑ መሃል ላይ ይቆማል፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወር ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የአፕሊኬሽን ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻሉ። ከኔትወርክ በኩል የሚመጣው መልስ ግን ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ፒንግ (የመድረስ መሞከሪያ መልእክት) ያልፋል፣ አንደርሌዩ (ሌላው ሁሉ የሚጋልብበት የታችኛው ኔትወርክ) ደህና ነው።» ቲኬቱ ይዘጋል። ከዚያ ፋየርዎሉ ይከሰሳል፣ ኢቪፒኤኑ (ከአንደርሌዩ በላይ ያለው የምናባዊ ኔትወርክ መቆጣጠሪያ) ይከሰሳል፣ ምንም ያላጠፋ ሰርቨር ሪስታርት ይደረጋል። ወደ ሊፉ (ሰርቨሮች የሚሰኩበት ስዊች) እና ወደ ስፓይኑ (ሊፎቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ ስዊች) ዝቅ ብሎ የሚያይ የለም።

እስቲ ስለ ፒንግ እንነጋገር። ሊኑክስ ላይ እንዲሁ ሲላክ 56 ባይት ዳታ ነው፤ ከአይሲኤምፒና ከአይፒ ሄደሩ ጋር 84። ቪኤክስላን (አንዱን ፓኬት በሌላ ፓኬት ሸፍኖ የሚያሻግር ዘዴ) 50 ባይት ሲያለብሰው 134 ይሆናል። 134 ባይት የማያሳልፍ ኔትወርክ የት ይገኛል? ሰርቨሮቹ ግን ኤምቲዩአቸው (በአንዴ የሚያሳልፉት ትልቁ ፓኬት) 9000 ነው። የውስጡ ኢተርኔት 14፣ ቪኤክስላን 8፣ ዩዲፒ 8፣ የውጩ አይፒ 20 ሲጨመር 9050 ይደርሳል፤ የውስጡ ፍሬም የቪላን ታግ ይዞ ከሄደ ሌላ 4። ከአፕሊንኮቹ (ከሊፍ ወደ ስፓይን ከሚወጡት መስመሮች) አንዷ ብቻ 9000 ላይ ተረስታ ከቀረች ትንሹ ፓኬት ያልፋል፣ ትልቁ ይወድቃል። ሎጊኑ ይከፈታል፣ ፋይል መላክ ሲጀመር ድርቅ ይላል። የቪኤክስላን ሰነድ አርኤፍሲ 7348 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው) ቪቴፕ፣ ማለትም ሽፋኑን የሚያለብሰውና የሚያወልቀው ዕቃ፣ ፓኬቱን እንዳይቆራርጥ ስለሚከለክል፣ እሱ ቆራርጦ አያድነውም።

በዚህ ላይ አምራቾቹ አቆጣጠራቸው ይለያያል። ጁኒፐር የኢንተርፌስ ኤምቲዩ ሲቆጥር የኢተርኔቱን 14 ባይት ሄደር ይጨምራል፤ ዲፎልቱ 1514 የሆነው ለዚህ ነው። በብዙ የሲስኮ ዕቃ ላይ ያው ነገር 1500 ይባላል። ሁለቱ በአንድ ፋብሪክ (የስዊቾች መረብ) ሲገናኙ «በሁለቱም በኩል አንድ ቁጥር ጽፌያለሁ» ማለት እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ኦኤስፒኤፍ (መንገድ የሚያገኝ የሩቲንግ ፕሮቶኮል) ቢያንስ ይናገራል፤ ኤምቲዩ ካልተስማማ ኔበሩ (ጎረቤቱ ዕቃ) ኤክስስታርት በሚባለው የመተዋወቂያ ደረጃ ላይ ተቸክሎ ይቀራል። እሱንም ኤምቲዩ ኢግኖር (ልዩነቱን እለፍ) ብለው አፉን የሚዘጉት አሉ። ተዉ እንጂ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ቢጂፒ፣ ሌላው የሩቲንግ ፕሮቶኮል፣ ደግሞ ይህን አይጠይቅም። ኪፕአላይቩ («አለሁ» የሚለው መልእክት) 19 ባይት ስለሆነ ሴሽኑ እንደተነሣ ይኖራል፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይመስላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የኢሲኤምፒው (ትራፊክን እኩል በሆኑ ብዙ መንገዶች የማካፈሉ) ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሊፍ አራት ስፓይን፣ አራት የ100 ጊጋ ፋይበር፣ ያ ሁሉ ትራንሲቨር ተገዝቶ ትራፊኩ በአንዷ ብቻ ይሄዳል! ለምን? በአንዳንድ ሲስተሞች የቢጂፒ ማክሲመም ፓዝስ (በአንዴ የሚጠቀምባቸው መንገዶች ብዛት) ዲፎልት 1 ስለሆነና ማንም ስላልነካው። ወይም እያንዳንዱ ስፓይን የራሱ ኤኤስ ቁጥር (ቢጂፒ የሚያውቀው መለያ) ተሰጥቶት መልቲፓዝ ሪላክስ (ቁጥሮቹ ቢለያዩም መንገዶቹን እኩል ቁጠር የሚለው ትእዛዝ) ስላልተጨመረ፤ የኤኤስ ፓዙ (የታለፉት ቁጥሮች ዝርዝር) ርዝመት እኩል ቢሆንም ቁጥሮቹ ከተለያዩ ቢጂፒ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል። 400 ጊጋ ተከፍሎበት 100 ጊጋ መጠቀም! ፒንጉስ? እንዴታ፣ ያልፋል።

የኤኤስ ቁጥር አሰጣጡ ደግሞ ሲሻን የምናደርገው አይደለም። ኢቢጂፒን (በተለያዩ ኤኤስ ቁጥሮች መካከል የሚሠራውን ቢጂፒ) ለትልልቅ ዳታ ሴንተር የሚያስረዳው አርኤፍሲ 7938 ከ2016 ጀምሮ አለ፦ በአንድ ፖድ (የስዊቾች ቡድን) ያሉ ስፓይኖች አንድ ቁጥር ይጋራሉ፣ እያንዳንዱ ሊፍ የየራሱን ይይዛል። ስፓይኖቹ 65100፣ ሊፎቹ 65101፣ 65102 እያሉ መቀጠል ነው። ስፓይኖቹ ቁጥር ሲጋሩ፣ አንዱ ስፓይን ወደ አንድ ሊፍ የሚሄደው ገመዱ ቢቆረጥ በሌላ ሊፍ ዞሮ በሌላው ስፓይን በኩል የሚመጣውን መንገድ አይቀበልም፤ የራሱን ቁጥር ፓዙ ውስጥ ስለሚያይ ይጥለዋል። ትራፊክ ከስፓይን ወደ ሊፍ ወርዶ እንደገና ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ይህ ነው። ሊፎቹን ሁሉ በአንድ ቁጥር ካደረጋችሁ ግን ሊፍ የሊፍን ሩት (መንገድ) ይጥላል። ያን ጊዜ አላውኤኤስኢን (የራስህን ቁጥር ብታይም ተቀበል የሚል ትእዛዝ) ይለጠፍና የሉፕ (ትራፊክ በክብ የመዞር) መከላከያው አብሮ ይሄዳል። «ቁጥሩ ያልቃል» ማለትም ምክንያት አይሆንም። ከ64512 እስከ 65534 ያሉት 1023 ካልበቁ፣ ባለ 4 ባይቱ ከ4200000000 ጀምሮ ከ94 ሚሊዮን በላይ ነው።

የቢጂፒ ሴሽኑ ኢስታብሊሽድ (የተመሠረተ) ሆኖ አንድም ሩት ካልመጣ ኬብል አትንቀሉ። አርኤፍሲ 8212ን በሚከተሉ ሲስተሞች፣ አዲሱን ኤፍአርአር (ነፃ የሩቲንግ ሶፍትዌር) ጨምሮ፣ ፖሊሲ ያልተጻፈለት ኢቢጂፒ ሩት አይሰጥም፣ አይቀበልም። ሉፕባኮቹን (የስዊቾቹን ቋሚ አድራሻዎች) ብቻ የሚያሳልፍ ፖሊሲ ጻፉ፣ አለቀ።

ታይመሩም እንደዚያው። በብዙ ዕቃ ላይ የቢጂፒ ዲፎልቱ ኪፕአላይቭ 60፣ ጎረቤቱ ሞተ የሚባልበት 180 ሰከንድ ነው። ፋይበሩ ተቆርጦ ኢንተርፌሱ ከወደቀ ቶሎ ይታወቃል፤ ኢንተርፌሱ ሳይወድቅ ወዲያ ያለው ስዊች ቢደነዝዝ ግን ትራፊኩ 3 ደቂቃ ወደ ገደል ይላካል። 3 እና 9 አድርጉት፣ ቢኤፍዲ (ጎረቤት መኖሩን በፍጥነት የሚያረጋግጥ ፕሮቶኮል) በ300 ሚሊሰከንድ ሦስት ጊዜ ጨምሩ። 50 ሚሊሰከንድ ካላደረግን የምትሉ፣ ቢኤፍዲው በሃርድዌር የማይሠራ ከሆነ ሲፒዩው በተጨናነቀ ቁጥር ሴሽኖቻችሁ ይወድቃሉ።

ቢኤፍዲም ቢሆን ሁሉን አያይም። ከአራቱ ስፓይኖች ወደ አንዱ የሚወስደው ፋይበር ጫፉ ቆሽሾ ፓኬት ጣል ጣል ቢያደርግ፣ ትንንሾቹ የቢኤፍዲ ፓኬቶች በአብዛኛው ያልፋሉ። የሚታመመው ከፍሎው (ከግንኙነቶቹ) ሩብ ያህሉ ነው። ፒንግ የፖርት ቁጥር ስለሌለው ሃሹ (መንገድ የሚመርጠው ስሌት) በአንድ መንገድ ብቻ ያስኬደዋል፤ ያ መንገድ ጤነኛ ከሆነ ሺህ ጊዜ ብትልኩ ሺህ ጊዜ ይመለሳል። ተጠቃሚው «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» ሲል ውሸታም ይባላል። እውነቱን ነው! አዲስ አበባ ያለ ሊፍም ሆነ ቨርጂኒያ አሽበርን ያለ ሊፍ በዚህ አይለያይም።

ስለዚህ ቲኬት ከመዝጋታችሁ በፊት እነዚህን ለጥፉ፦ ከቪቴፕ ሉፕባክ ወደ ቪቴፕ ሉፕባክ፣ እንዳይቆራረጥ የሚከለክለው ቢት በርቶ፣ በ9022 ባይት ዳታ የተላከ ፒንግ (28 ባይቱ ሄደር ሲደመር 9050 ይሞላል፤ መጠኑን ከነሄደሩ የሚቆጥር ስዊች ከሆነ 9050 ብላችሁ ጻፉ)። የሩቲንግ ቴብሉ ለእያንዳንዱ የሩቅ ሉፕባክ አራት ኔክስትሆፕ (ቀጣይ መተላለፊያ) ሲያሳይ። የሶርስ ፖርቱ ቢያንስ 64 ጊዜ እየተቀየረ የተላከ የዩዲፒ ትሬስራውት (የታለፈበትን መንገድ የሚያሳይ ሙከራ)። የእያንዳንዱ አፕሊንክ የሲአርሲና የኤፍኢሲ (የተበላሸና የታረመ ዳታ) ቆጣሪ፣ በ10 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተነቦ። ያኔ አንደርሌዩ ደህና ነው በሉን፣ እናምናለን።