ማስተካከያ፦ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሽጉጥና የአሠሪው ሥልጣን

ቀደም ሲል «አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛ መሣሪያውን መኪናው ውስጥ ቆልፎ ድርጅቱ ፓርኪንግ ላይ ቢያቆም አሠሪው ሊከለክለው አይችልም» ተብሎ የወጣው መረጃ ይታረም። መብቱ በመላ አገሪቱ አይሠራም። እንደየስቴቱ ሕግ ይለያያል።

ብዙ ሐበሻ ካለበት ከቴክሳስ እንጀምር። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ አሠሪ፣ በሕጋዊ መንገድ የተያዘ መሣሪያ በተቆለፈ መኪና ውስጥ እንዳይቀመጥ መከልከል አይችልም። መኪናው ግን የግል መሆን አለበት። የድርጅቱን ቫን የሚነዳ ሰው፣ ሥራው ራሱ መሣሪያ የሚጠይቅ ካልሆነ፣ በዚህ አይሸፈንም። ትምህርት ቤቶችና አንዳንድ የኬሚካልና የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎችም የተለየ ደንብ አላቸው። መሣሪያውን ይዞ ወደ ሕንጻው መግባትማ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን አሠሪው መከልከል ይችላል።

ቨርጂኒያ ውስጥ የግል አሠሪን እንዲህ የሚገድብ ሕግ የለም። ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ የድርጅቱን ደንብ ከጣሰ ሊባረር ይችላል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለ ዘመዱን ምክር ሰምቶ ባይወስን ይሻለዋል።

«እንዲህ ያለውን ሕግ ፍርድ ቤት ሽሮታል» የሚለውም ግማሽ ወሬ ነው። ነገሩ የኦክላሆማ ስቴት ነው። እዚያ በ2002 አንድ የወረቀት ፋብሪካ መኪና ውስጥ መሣሪያ የተገኘባቸውን ሠራተኞች አባረረ። አሠሪ እንዲህ እንዳይከለክል የሚያዘው የስቴቱ ሕግ በ2004 ወጣ። አሠሪዎች ክስ መሥርተው በ2007 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን አገደላቸው። በ2009 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው፤ ሕጉም ጸና።