ልጆቹን አውሬ ያደረጋቸው ማን ነው?

የአንድ መምህርና የአንዲት አንባቢ ክርክር መነሻ የዊልያም ጎልዲንግ ልብ ወለድ «የዝንቦች ጌታ» (እ.ኤ.አ. 1954) ነው። አውሮፕላናቸው የወደቀ የእንግሊዝ ተማሪዎች ሰው በሌለበት ደሴት ይቀራሉ። መጀመሪያ አለቃ ይመርጣሉ፤ ኋላ ይገዳደላሉ።

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦ ጎልዲንግ ልክ ነው ባይ ነኝ። ሰውዬው መምህር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በባሕር ኃይል ተዋግቷል። የልጅንም የአዋቂንም ጭካኔ ያውቃል። በልጆቹ ስብሰባ መናገር የሚችለው ዛጎሏን የያዘ ብቻ ነው። ዛጎሏ ስትደቅ ከልጆቹ አንዱ ፒጊም አብሯት ይሞታል። ሕግ ሲነሳ ሰው ይኸው ነው። እኔ ክፍሉን ትቼ ብወጣ ምን እንደሚፈጠር ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

የመሐል ሜዳዋ አንባቢ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ክፍል ለደሴቱ ምስክር አይሆንም። የመዘምራኑን አለቃ ጃክን ይዩት። ገና ብቅ ሲል መዘምራኑን ጥቁር ካባ አስለብሶ፣ በሰልፍ እየነዳ ነው። በፀሐዩ ልጅ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ እንኳ ደንታ የለውም። ይህን ጠባይ ከጫካ ተማረው ሊሉኝ ነው? ከትምህርት ቤቱ ይዞት መጣ እንጂ።

የእውነቱን ታሪክ ደግሞ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1965 ስድስት የቶንጋ ተማሪዎች ጀልባቸው ተበላሽቶ አታ የምትባል ደሴት ላይ ቀሩ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። ሥራ ተከፋፈሉ፤ እሳታቸውን አላጠፉም። አንዱ እግሩ ሲሰበር ራሳቸው ወጌሻ ሆነው አሰሩለት፤ ዳነ።

እኛስ ጋ? የመንዝን የሣር ምድር፣ ጓሳን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው ቄሮ የሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ፣ ገበሬው በተራ ይጠብቅ፣ ሲደርስ በጋራ ይታጨድ ነበር። ፖሊስ የለ፣ ጣቢያ የለ።

መምህሩ፦ የቶንጋዎቹ ስድስት ጓደኛሞች ናቸው። የጎልዲንግ ልጆች ግን ብዙዎቹ አይተዋወቁም። ጓሳን ካነሳሽ ደግሞ፣ እህቴ፣ ለእኔ መሰከርሽልኝ። የቄሮው አለቃ፣ አፈሮው፣ ነበረ፤ ቅጣቱ ነበረ። ዛጎል ማለት ያ ነው! በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቄሮው ሲቀር ሣሩ ተጎዳ አይደል?

አንባቢዋ፦ ተጎድቷል፤ አልክድም። ግን ቄሮውን ያስቀረው ከላይ የመጣ አዋጅ ነው። ኋላ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጓሳን መልሶ የያዘው ማን ሆነና? ያው የመንዝ ገበሬ። ደንቡን የሚሠራውም ሰው ነው፤ ከሰማይ አይወርድለትም።

የመጽሐፉን መጨረሻ ደግሞ ዘለሉት። መኮንኑ ይመጣና «የእንግሊዝ ልጆች ሆናችሁ!» ብሎ ይታዘባቸዋል። የመጣበት መርከብ የጦር መርከብ ነው። እሱንም ሕግ አጥቶ ነው የሚዋጋው ይሉኛል?