ጎማው ስንት ኪሎ ይሸከማል ብላችሁ ጠይቁ

አዳማ ውስጥ ጎማ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፣ «የየት አገር ነው?» ይላል። ጃፓን ሲባል ዋጋውን ገና ሳይሰማ ይደነግጣል፣ ታይላንድ ሲባል ፊቱ ፈታ ይላል፣ ቻይና ሲባል ደሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከዛ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ይለካል፣ ጎኑን በጡጫ መታ መታ ያደርጋል፣ ትንሽ ይከራከራል፣ ይገዛል። ለቤት መኪና ይሄ ያስኬድ ይሆናል። ከኋላው ተሳቢ ለሚጎትት ፒካፕ ግን ጭራሽ አያስኬድም። ሰሞኑን ቡና ላይ ስንጫወት አንድ ወዳጄ «ጎማ ሚፈነዳው ቻይና ስለሆነ ነው፣ ታይላንድ ግዛና ተኛ» ሲል ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እኔ ስነዳ የፈነዳው ጎማ የታይላንድ ነበር፣ አዲስ ነበር፣ ከገዛሁት ገና ሁለት ወር አልሞላውም።

ሥራዬ ጄኔሬተር ማከራየት ነው። ለሠርግ፣ ለግንባታ፣ ለጉድጓድ ቁፋሮ፣ መብራት ለሚጠፋበት ወፍጮ ቤት፣ የጠራኝ ጋ ሁሉ ጄኔሬተሩን ተሳቢ ላይ ጭኜ በፒካፕ እየጎተትኩ እሄዳለሁ። አዳማ ለዚህ ሥራ ምቹ ከተማ ናት፣ በአራቱም አቅጣጫ መንገድ አላት፣ ለጎማ ግን ጨካኝ ናት። ወደ አዲስ አበባ ከሄድክ የፍጥነት መንገዱ ነው፣ ሰው ሁሉ በ100 እና በ120 እየበረረ ሲያልፍህ አንተም ሳታውቀው እግርህ ይከብዳል። ወደ አሰላ ከሄድክ ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነስተህ ከ2,400 በላይ ትወጣለህ፣ ስትመለስ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ተሳቢው ከኋላ እየገፋህ ትወርዳለህ። ወደ ወለንጪቲና መተሐራ ስትወርድ ደሞ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይገባል፣ ግንቦት ላይ የዛ አካባቢ አስፋልት ጫማ እንኳን ያቀልጣል። ነፋሱን አልረሳሁም፣ ያ ሁሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከከተማዋ መግቢያ ያለው ኮረብታ ላይ የተተከለው ያለምክንያት አይደለም፣ ከጎን ሲመጣ ከፍ ያለ ተሳቢ ይዞ ሚሄድ ሰው መሪው ላይ ያውቀዋል።

አምና ግንቦት ጄኔሬተር ይዤ ወደ መተሐራ እየሄድኩ ነበር፣ ረዳቴ አብሮኝ አለ፣ ሰዓቱ ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወለንጪቲን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከኋላ በቀኝ በኩል ቱግ ቱግ ቱግ የሚል ድምፅ መጣ፣ ድንጋይ የተሰካበት መስሎኝ ፍጥነት ልቀንስ ስል ጥርሱ እንደ ምንጣፍ ተገሽልጦ ፓራፋንጎውን መታው፣ ከዛ ፈነዳ። ተሳቢው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ እንደገና ወደ ግራ። ከፊት ለፊት ኮንቴይነር የጫነ ከባድ መኪና እየመጣ ነው። ፍሬን አልረገጥኩም፣ አባቴ ሹፌር ስለነበር «ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን አትርገጥ፣ መሪህን ጠበቅ አርገህ ያዝና ነዳጁን ልቀቅ» ይለኝ ነበር፣ እሱ ነገር ነው ያተረፈን። የመንገዱ ዳር ጥቁር ድንጋይ ላይ ወጥተን ቆምን። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ክሪክ አስገብተን በስኮርቱ፣ በመለዋወጫ ጎማው፣ እየቀየርን ልጁ የፈነዳውን ጎማ ጎን እያየ «ጋሼ ይቺ 109 ምንድናት?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አስራ ሁለት ዓመት መኪና ስነዳ፣ ስድስቱን ዓመት ተሳቢ ስጎትት፣ ያቺ ቁጥር ምን እንደሆነች አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የሸጠልኝ ልጅ «አስር ፕላይ ነው ጋሼ፣ ድንጋይ በለው» ብሎኝ ነበር፣ ፕላይ የጎማ ጥንካሬ ደረጃ መጠሪያ ነው፣ እኔም አምኜው ወጣሁ።

ቁጥሯ ሎድ ኢንዴክስ ትባላለች፣ ጎማው ስንት ኪሎ መሸከም እንደሚችል የምትናገር ኮድ ናት። የኔ መኪና ጎማ ልኩ 245/75 አር 16 ነው። በዚህ ልክ የሚሠራ ጎማ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ ለቤት መኪናና ለቀላል መኪና የተሠራው ነው፣ 109 ይላል፣ 1,030 ኪሎ ማለት ነው። ሌላው ከልኩ ፊት ኤልቲ የሚል ፊደል ያለበት፣ ለጭነት መኪና የተሠራው ነው፣ አስር ፕላይ የሚባለው እሱ ነው፣ ጎኑ ላይ 120/116 ይላል፣ 120ው 1,400 ኪሎ ማለት ነው (116ቷ ሁለት ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ለሚያስር መኪና ናት፣ እኛን አትመለከትም)። እንግዲህ እዩት፣ ልኩ አንድ ነው፣ ቸርኬው አንድ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ መንትያ ይመስላሉ፣ በአንድ ጎማ ግን 370 ኪሎ ይለያያሉ፣ በአንድ አክሰል 740 ኪሎ። እኔ ስገዛ የዋጋ ልዩነታቸው ጥቂት ሺህ ብር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል፣ «1,030 ሲደመር 1,030 ከሁለት ሺህ በላይ ነው፣ ምን አነሰህ?» ሊል። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብኩት። በኋላ መኪናውን እንዳለ ጭኜ፣ ተሳቢውን እንዳሰርኩ፣ የኋላ እግሩን ብቻ ሚዛን ላይ አወጣሁት፣ 1,960 ኪሎ መጣ። ያልገባኝ ነገር ሁለት ነበር። አንደኛ የቤት መኪና ጎማ ፒካፕ ላይ ወይ ተሳቢ ላይ ሲታሰር የተጻፈው አቅም ለ1.1 ይካፈላል፣ የአሜሪካ ደንብ እንደዛ ነው፣ ምክንያቱም ፒካፕ ከቤት መኪና በላይ ይወዛወዛል፣ ይጫናል፣ ይንገጫገጫል። ስለዚህ 1,030ው 936 ይሆናል፣ ሁለቱ 1,872 ናቸው፣ እኔ ደሞ 1,960 ይዤ መተሐራ እየወረድኩ ነው። ሁለተኛው የጎማው ነፋስ ነው፣ ውስጡ የሚሞላው አየር። የተረፉትን ጎማዎች ስለካቸው 28 ፒኤስአይ ነበሩ (ፒኤስአይ የነፋሱ ግፊት መለኪያ ነው)፣ በዛ ፀሐይ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ እንኳን 28፣ ጠዋት ሲነሱ ከዛም በታች ነበሩ ማለት ነው። ነፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በየዙሩ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ላስቲኩን ከሽቦው ያላቅቀዋል። ያ እንደ ምንጣፍ የተገሸለጠው ነገር ይሄ ነው።

ተሳቢ ደሞ ክብደቱ መሬት ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ ከጠቅላላ ክብደቱ 10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መኪናው መጎተቻ ላይ እንዲያርፍ ነው የሚጫነው፣ ከዛ ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል። 1,500 ኪሎ ተሳቢ ከሆነ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው። መጎተቻው ከኋላ እግር ወደ ኋላ ወጥቶ ስለሆነ ያለው እንደ ማንሻ ይሠራል፣ ፊቱን እያነሳ የኋላ ጎማ ላይ ከራሱ ክብደት በላይ ይጨምራል። ብዙ ሰው የካሶኒውን ጭነት ይቆጥርና ይሄን ይረሳዋል፣ እኔም ረስቼው ነበር።

እና የየት አገር የሚለው ጥያቄ ምንም አይጠቅምም እያልኩ ነው? ይጠቅማል፣ ግን አራተኛ ነው አምስተኛ። ፋየርስቶን የሚያህል የአሜሪካ ስም በነሐሴ 2000 በፈረንጅ አቆጣጠር 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ሰብስቧል፣ አብዛኛው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የነበረ ነው፣ ጥርሱ እየተገሸለጠ መኪና እየተገለበጠ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር። ጎማው የራሱ ችግር ነበረበት፣ ግን አብዛኛው የተገሸለጠው በሙቀት አገር፣ በፍጥነት፣ ጭነት ተጭኖ ነበር፣ ለዛ መኪና ይመከር የነበረው ነፋስ ደሞ 26 ፒኤስአይ ብቻ ነበር። ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ጭነት፣ ትንሽ ነፋስ፣ ይሄ የኛ የመተሐራ መንገድ አይደለም እንዴ? ጎኑ ላይ ትልቅ ስም የተጻፈበት ጎማ ከዚህ አላመለጠም።

ትክክለኛውን ጎማ ገዝቶ እንደ ድሮው መንፋትም ያው ነው። ያ 120 የሚለው ጎማ 1,400 ኪሎ ሚሸከመው በ80 ፒኤስአይ ነው፣ በ50 ከሆነ አቅሙ 1,000 ኪሎ ነው፣ ከዛ በታች ይብሳል። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ ደሞ ልጆቹ ሳይጠይቁህ 35 ሞልተው «ጨርሰናል» ይሉሃል፣ አልፈርድባቸውም፣ ቀኑን ሙሉ የሚመጣላቸው ቪትዝና ኮሮላ ነው። አንተ ነህ ምትነግረው። ባዶውን ስትሄድ 80 አያስፈልግም፣ ጀርባህን ይሰብረዋል፣ ጎማውም መሀሉ ብቻ ያልቃል፣ ስትጭን ግን በጭነቱ ልክ መጨመር ነው፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በራስህ መለኪያ። መንገድ ላይ ሞቆ ነፋሱ ከፍ ብሎ ብታየው አታስተነፍሰው፣ ሲበርድ ይጎድልብሃል። ቫልቩን ጭምር ጠይቁ፣ ለቤት መኪና የሚገባው ተራ የላስቲክ ቫልቭ የተሠራው እስከ 65 ፒኤስአይ ነው፣ 80 ለመንፋት ብረቱ ወይም ለከፍተኛ ነፋስ የተሠራው ያስፈልጋል። ቸርኬውም የሚሸከመው ክብደት ልክ አለው፣ ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ውስጡን ገልብጦ ይይ።

ስለ ጥርሱ ብዙ አልልም። ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ፒካፕ ላይ ሲታይ ያምራል፣ ልጆቹ ይወዱታል፣ አስፋልት ላይ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፣ ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬኑ ይረዝማል፣ ጥርሱ ራሱ ስለሚላወስ ተሳቢው ሲወዛወዝ ይብሳል። ክረምት ላይ መቂ ሽንኩርት ማሳ ድረስ ሚገባ ሰው መካከለኛውን፣ ለአስፋልትም ለአፈርም የሚሆነውን ይያዝ። እንደኔ አብዛኛውን አስፋልት ላይ ሚውል የመንገዱን ይግዛ። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ስኮርቱም ጭምር፣ እኔ የዛን ቀን ያሰርኩት ስኮርት የድሮ ጎማ ስለነበር መተሐራ ድረስ በ40 ነው እየተንፏቀቅኩ የገባሁት።

ቀኑ ላይ ግን ልቆይ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው፣ በፈረንጅ፣ በኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ ገደማ። ብዙ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ፣ ጎማ አምራቾቹ ደሞ ጥርሱ ቢኖረውም ከአስር ዓመት አታሳልፉ ይላሉ። መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት የተኛ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ፀጉር የመሰሉት የላስቲክ ክሮች እንኳን አልረገፉም፣ ላስቲኩ ግን አርጅቷል። ያገለገለ ጎማ ገዝቶ ከኋላ አስሮ ተሳቢ ሚጎትት ሰውን ኪሱን አውቃለሁ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የጎማ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን፣ ቢሆንም በጋለ ምላጭ ጥርሱ እንደገና የተቀረጸ ጎማ ለበረባሶ ይሁን እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የተሳቢውም ጎማ እንደዛው ነው፣ እኛ ጋ ብየዳ ቤት የሚሠራ ተሳቢ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ከፒካፑ የወለቀው አሮጌ ነው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ግን እሱ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንዱ ነጋዴዎቹን ነው። ደረሰኝ ላይ «ጎማ 4» ብሎ መጻፍ ይቅር፣ ልኩን፣ ሎድ ኢንዴክሱን፣ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ጻፉልን፣ አንድ መስመር ነው። ሌላው ቦሎ ምርመራ የሚያደርጉትን ነው። ጥርሱን ታያላችሁ፣ መብራቱን ታያላችሁ፣ ፍሬኑን ትፈትናላችሁ፣ መልካም፣ መጎተቻ የታሰረበት ፒካፕ ሲመጣ ግን የኋላ ጎማዋን ቁጥር አንብባችሁ የሾፌር በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ካለው ወረቀት ጋር አስተያዩት፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የታሰረለት ልክና ነፋስ እዛ ላይ አለ፣ ከዛ ያነሰ ካሰረ አታሳልፉት። ይሄ አዲስ መሣሪያ አይፈልግም፣ ጎንበስ ማለት ነው የሚፈልገው።

አዲሶቹን አራት ጎማ ስገዛ የሱቁን ባለቤት «ቁጥሩን ጻፉልኝ» አልኳቸው። «ለምን?» አሉኝ። የመተሐራውን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና መነጽራቸውን አድርገው፣ ራሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው ጎማው ጋ ቁጢጥ ብለው አነበቡት፣ 120/116 ብለው ደረሰኙ ላይ ጻፉ፣ ሳምንቱንም ጻፉ። ወዲያው ልጃቸውን ጠርተው «እስቲ የሌሎቹንም እየዞርክ አንብብልኝ» አሉት።